ኖታና ታብላቸር፦ የጊታር ጽሑፍ የሚናገረውና የሚደብቀው

በብዙ የጊታር መምህራን ዘንድ ታብላቸር የሰነፍ አቋራጭ ነው፤ ባለ አምስት መስመሩ ኖታ ደግሞ የእውነተኛ ሙዚቀኛ ንባብ። ታሪክ ይህን ደረጃ አይደግፍም። አሎንሶ ሙዳራ በ1546 እ.ኤ.አ. ሴቪል ውስጥ ባሳተመው መጽሐፍ የሚገኙት፣ ለጊታር ከታተሙት ቀዳሚ የሚባሉት ሥራዎች የተጻፉት በታብላቸር ነው። ጊታር ጠቅልሎ ወደ ኖታ የገባው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማገባደጃ ገደማ ነው።

ኖታ የሚሰማውን ድምፅ ይጽፋል፤ ታብላቸር ጣት የሚያርፍበትን ስፍራ፦ መስመሮቹ ክሮቹን፣ ቁጥሮቹ ፍሬቶቹን ያመለክታሉ። በኖታው የላይኛው ክፍተት ላይ የተቀመጠ «ሚ» ለፒያኖ ተጫዋች አንድ ቁልፍ ብቻ ነው። ጊታረኛው ግን አንደኛውን ክር ሳይጫን፣ ወይም ሁለተኛውን 5ኛ ፍሬት፣ ሦስተኛውን 9ኛ ፍሬት፣ አራተኛውን 14ኛ ፍሬት ላይ ተጭኖ ያገኘዋል። ድምፁ በከፍታ አንድ ነው፣ በቀለም ግን አራት። ኖታው የትኛውን እንደሚሻ፣ የክር ቁጥር ካልተጨመረበት በቀር፣ ዝም ይላል።

ይህ ዝምታ ክፉኛ የሚጎዳው የባሮክ ጊታር ደራሲውን ጋስፓር ሳንዝን ነው። በ1674 ሳራጎሳ ላይ የወጣው የሳንዝ መጽሐፍ «ካምፓኔላ» የሚባለውን ስልት ይጠቀማል፦ ተከታታይ የዜማ ድምፆች በተለያዩ ክሮች ላይ ይመታሉ፣ አንዱ ሳይጠፋ ሌላው ይደርብበታል፣ እንደ ትንንሽ ደወሎችም ይንቃጨላሉ። በታብላቸሩ ላይ ቁጥሮቹ ከመስመር መስመር ሲዘሉ ዓይን ይህን ወዲያው ያያል። ወደ ኖታ ሲገለበጥ የሚቀረው ተራ የድምፅ መሰላል ነው። ገልባጩ ምንም ባይሳሳት እንኳ ሥራው ትርጓሜ ሆኗል።

ታብላቸርም የራሱ ምስጢር አለው። ክሮቹ እንዴት እንደተቃኙ ለማያውቅ አንባቢ ቁጥሮቹ ምንም አይነግሩም። በባሮክ ጊታር አራተኛውና አምስተኛው ጥንድ ክር አንዳንዴ በከፍተኛው ኦክታቭ ይቃኙ ስለነበር፣ ያንኑ ቁጥር ዛሬ በተለመደው ቅኝት የሚጫወት ሰው ዜማውን ሳያውቅ ይሰብረዋል።

ምት የለውም የሚለው ክስ ግን አግባብ አይደለም። የድሮው ታብላቸር ከመስመሮቹ በላይ የጊዜ ምልክት ነበረው፤ የጣለው የዛሬው፣ በኮምፒውተር ፊደል የሚለቀመው ዓይነት ነው። ይህኛው ዘፈኑን አስቀድሞ ለሰማ ብቻ ይረዳል። የድጓ ምልክትም ዜማውን በቃሉ ለያዘ የተሰናዳ ነውና ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይሆንም፤ ልዩነቱ ለድጓው የዓመታት የቃል ትምህርት መኖሩ ነው።

የታብላቸር እውነተኛ ድክመት ሌላ ቦታ ነው። የጊዜ ምልክቱ የሚቀጥለው ምት መቼ እንደሚመጣ እንጂ እያንዳንዱ ድምፅ እስከ መቼ እንደሚያዝ አይናገርም። ባኽ ለሉት (የጊታር ዘመድ ለሆነው ባለ ክር መሣሪያ) ያዘጋጀውን፣ በሥራዎቹ ዝርዝር ቢ.ደብሊው.ቪ. 995 የተባለውን ሥራ በገዛ እጁ በኖታ ጽፎታል፤ ይኸው ሥራ በሌላ ሰው እጅ በሉት ታብላቸር ተጽፎ ላይፕዚግ ይገኛል። የመጀመሪያው ድምፆቹ እርስ በርስ እንዴት እንደሚሄዱ ያሳያል፤ ሁለተኛው እጅ እንዴት እንደሚደርስባቸው።

የዛሬ አሳታሚዎች ሁለቱን ደራርበው በማተም አስታርቀናል ይላሉ። እኔ አልስማማም፤ የተማሪው ዓይን ቁጥሩን ከታች፣ ምቱን ከላይ ይለቅምና የድምፆቹን አካሄድ ሳያነብ ያልፋል። ሳንዝ ከነቅኝቱ ማብራሪያ በራሱ ታብላቸር ይታተም። የጊታር ደራሲው ፈርናንዶ ሶር ደግሞ ባሱን ወደ ታች፣ ዜማውን ወደ ላይ በዞረ ዘንግ ለይቶ ጽፏልና በኖታ ብቻ ይነበብ።