ለተረቺ የሚጻፍ ፍርድ

የዳኝነት ነጻነትና የዳኞች ተጠያቂነት በኢትዮጵያ የፍትሕ ማሻሻያ ክርክሮች ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደ ተጻራሪ ጉዳዮች ይቀርባሉ፤ ነጻነትን የሚያስቀድመው ወገን ማንኛውንም የቁጥጥር ሐሳብ የጣልቃ ገብነት መንገድ አድርጎ ሲጠራጠር፣ ተጠያቂነትን የሚያስቀድመው ደግሞ ነጻነት ለአድሏዊና ለሰነፍ ዳኛ መሸሸጊያ ሆኗል ብሎ ይወቅሳል። ሁለቱም ስጋቶች መሠረት አላቸው። ይሁንና በችሎት ሥራ የቆየ ባለሙያ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ዳኛው ነጻነቱን የሚጠቀምበትም ሆነ ለተጠቀመበት ነጻነት መልስ የሚሰጥበት ቦታ አንድ ነው፤ እርሱም የፍርዱ ሐተታ ነው። ሐተታ የሚባለው በፍርድ ጽሑፍ ውስጥ የግራ ቀኙ ክርክርና ማስረጃ ከተገለጸ በኋላ፣ የውሳኔው ቃል ከመስፈሩ በፊት፣ ፍርድ ቤቱ ወደ ውሳኔው ያደረሰውን ምክንያት የሚያስረዳበት ክፍል ሲሆን፣ ከዚህ ክፍል ያልጀመረ የዳኝነት ማሻሻያ ሥር ሊሰድ አይችልም።

በነሐሴ 1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 79 የዳኝነት ሥልጣንን ለፍርድ ቤቶች ከሰጠ በኋላ፣ ዳኞች ተግባራቸውን በሙሉ ነጻነት እንደሚያከናውኑና ከሕግ በስተቀር በሌላ ነገር እንደማይመሩ ይደነግጋል። ያው አንቀጽ ዳኛ የጡረታ ዕድሜው ሳይደርስ ከፈቃዱ ውጭ ከሥራው የሚነሳው የዲሲፕሊን ጥፋት ሲፈጽም፣ ጉልህ የሥራ ችሎታና ቅልጥፍና ማነስ ሲታይበት ወይም በሕመም ምክንያት ሥራውን ማከናወን ሲሳነው ብቻ መሆኑን ይወስናል፤ ይህንንም የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ወስኖበት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወይም የክልሉ ምክር ቤት በአብላጫ ድምፅ ካላጸደቀው በስተቀር አይጸናም። ጥበቃው ጠንካራ ነው፤ ጠንካራ መሆኑም ተገቢ ነው። ነገር ግን በሕግ ብቻ የሚመራ ሰው የትኛው ሕግ፣ በየትኛው ፍሬ ነገር ላይ፣ በምን መንገድ እንደመራው ማሳየት ካልቻለ፣ በሕግ መመራቱን የሚያረጋግጥለት ምንም ነገር አይኖርም፤ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን የሚለው የአንቀጽ 12 ትእዛዝም በችሎት ውስጥ ሊፈጸም የሚችለው በዋናነት በጽሑፍ በተገለጸ ምክንያት ነው።

ምክንያትን የመጻፍ ግዴታ ከሕገ መንግሥቱ በዕድሜ ይቀድማል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 149 ፍርድ የማስረጃውን ማጠቃለያ፣ ማስረጃው የታመነበትን ወይም ውድቅ የተደረገበትን ምክንያትና ፍርዱ የተመሠረተበትን ሕግ እንዲይዝ ያዛል፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም በቁጥር 182 ፍርዱ ለውሳኔ የተያዙትን ነጥቦች፣ በእያንዳንዱ ላይ የተሰጠውን ውሳኔና የውሳኔውን ምክንያት እንዲገልጽ ያስገድዳል። እነዚህ ድንጋጌዎች የወጡት የመጨረሻው አቤቱታ ለዙፋን ችሎት በሚቀርብበት፣ ማለትም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተሰይመው በሚፈርዱበት ዘመን መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ የዙፋኑ ቃል ጉልበቱን የሚያገኘው ከተናጋሪው ሥልጣን ሲሆን፣ ሕጉ ከመደበኛው ዳኛ የሚጠብቀው ግን ከምክንያት የሚመነጭ ጉልበት ነበር። ይህ ጥያቄ ከስልሳ ዓመት በኋላም ሙሉ መልስ አላገኘም።

የሐተታ ጥራት የሚወሰነው ገና ብዕር ሳይነሳ፣ ጭብጥ በሚያዝበት ሰዓት ነው። ጭብጥ ማለት አንደኛው ወገን ያለውን ሌላኛው ሲክደው የሚወለድና ፍርድ ቤቱ ሊወስንበት የሚገባው የፍሬ ነገር ወይም የሕግ ጥያቄ ነው። በቤት ሽያጭ ክርክር ላይ «ተከሳሽ ቤቱን ሊያስረክብ ይገባል ወይስ አይገባም?» የሚል አንድ ሰፊ ጭብጥ የሚይዝ ዳኛ፣ ክርክሩን በሙሉ በአንድ ጥያቄ ሸፍኖ ሲያበቃ ሐተታውንም በዚያው ልክ ያደበዝዘዋል። ሥራውን የሚያውቅ ዳኛ ግን አስቀድሞ ውል መደረጉ ተክዷል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ካልተካደ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ተደርጎ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መመዝገብ አለበት የሚለው ሁኔታ ተሟልቷል ወይ፣ ካልተሟላስ የተከፈለው ገንዘብ ምን ይሆናል እያለ አንዱን ጥያቄ ከሌላው ይለያል። እንዲህ የተለያዩ ጭብጦች ዳኛውን ራሱን ያስራሉ፤ የማይመቸውን ነጥብ ዘሎ ማለፍ አይችልም፣ ቢዘለውም ክፍተቱ ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ወዲያው ይታያል።

ከጭብጥ ቀጥሎ የዳኛ ችሎታና ሐቀኝነት በግልጽ የሚታይበት ማስረጃ ሲመዘን ነው፤ በወንጀል ጉዳዮች ደግሞ የሰው ነጻነት የተንጠለጠለው በዚሁ ክፍል ላይ ነው። «የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች እንደ ክሱ አስረድተዋል፤ የመከላከያ ማስረጃውም አላስተባበለም» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ቃላቸው ሳይቀየር መዝገቡና ሰው ብቻ እየተቀየረ ሊደጋገሙ ይችላሉ፤ በየትኛውም መዝገብ ላይ ሊጻፍ የሚችል ዓረፍተ ነገር ደግሞ በእጅ ስላለው መዝገብ ምንም አይናገርም። ቁጥር 149 የሚጠይቀው ከዚህ የተለየ ነገር ነው፤ የትኛው ምስክር ምን አየ፣ ከየት ቆሞ አየ፣ ሁለተኛው ምስክር ስለ ሰዓቱ ወይም ስለ ቦታው የተለየ ነገር ሲናገር ልዩነቱ ለምን እንደ ተራ መዘንጋት ታለፈ ወይም ለምን ጥርጣሬ ፈጠረ፣ ተከሳሹ በሌላ ቦታ ነበርኩ ብሎ ያቀረበው መከላከያ ለምን አልታመነም የሚሉት ሁሉ መልስ ማግኘት አለባቸው። እነዚህን መልሶች ለመጻፍ የተቀመጠን ዳኛ አንዳንድ ጊዜ በችሎት ግልጽ መስሎት የነበረው ድምዳሜ በወረቀት ላይ አልቆም እያለ ያስቸግረዋል። ይህ መቸገር እጅግ ጠቃሚ ነው፤ መጻፍ ያስቸገረ ጥፋተኝነት ብዙ ጊዜ በማስረጃ ያልተደገፈ ጥፋተኝነት ነውና። ሐተታ አስቀድሞ የተደረሰበትን ውሳኔ ማስዋቢያ ሳይሆን የውሳኔው መፈተኛ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው።

ፍርድ በተለምዶ ለበላይ ፍርድ ቤት እየታሰበ ይጻፋል፤ ዋነኛው አንባቢው ግን ተረቺው ነው። ረቺው የሚፈልገው የመጨረሻውን ገጽ ሲሆን፣ ተረቺው ግን ክርክሩ መሰማቱን፣ ማስረጃው መታየቱን ለማወቅ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ያነባል ወይም ያስነብባል። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ እያለ የኖረ ሕዝብ መረታትን የማይቀበል ሕዝብ አይደለም፤ የማይቀበለው በምን እንደተረታ ሳይነገረው መረታትን ነው። ስለዚህ የተረቺውን ጠንካራ መከራከሪያ አዳክሞ ወይም ጨርሶ ትቶ የሚጽፍ ዳኛ፣ ውሳኔው ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ፍርዱን ከግማሽ በላይ ዋጋ ያሳጣዋል። በዚህ ላይ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ በሆነው በአማርኛ አፉን ያልፈታ፣ በአስተርጓሚ የተከራከረ ተረቺ መኖሩ ሲታሰብ፣ አጭርና ግልጽ ዓረፍተ ነገር የአጻጻፍ ውበት ብቻ ሳይሆን የፍትሕ ጉዳይ መሆኑ ይገባል።

በይግባኝና በሰበር ደረጃ ችግሩ መልኩን ይቀይራል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 337 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ ከተስማማ መልስ ሰጪውን ሳይጠራ ይግባኙን እንዲዘጋ ይፈቅዳል፤ የሰበር አጣሪ ችሎትም አቤቱታው መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አያሳይም ብሎ ሲያምን «አያስቀርብም» ይላል። ሥልጣኑ ለመዝገብ ብዛት አስፈላጊ ነው፤ ሆኖም አቤት ባዩ ያነሳው ነጥብ በሁለት ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳይመለስለት ሲሸኝ፣ ለዓመታት የተጓዘበት መንገድ መጨረሻው ዝምታ ይሆንበታል። በተቃራኒው የሰበር ሰሚ ችሎት ሐተታ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል በ2000 ዓ.ም. በሰጠው የአሳዳሪነት ውሳኔ ታይቷል፤ እናቱ የሞተችበትን፣ በአክስቱ ዘንድ ያደገውን ሕፃን የሥር ፍርድ ቤቶች በሕይወት ላለው ወላጅ ይሰጥ በሚለው ደንብ ለአባት ሲወስኑ፣ ችሎቱ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 እና ከሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ተነስቶ የሕፃኑ ጥቅም ቀዳሚ መሆኑን አስረድቶ ውሳኔውን ሽሯል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት የሰበር ችሎት የሚሰጠውን የሕግ ትርጉም በፌዴራልም በክልልም ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ካደረገ ወዲህ፣ የዚህ ችሎት ሐተታ ለሁለት ተከራካሪዎች ብቻ ሳይሆን በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሶማልኛ ለሚያስችሉ ዳኞች ጭምር የሚጻፍ ሆኗል፤ ትርጉሙን በሚለውጥበት ጊዜም ምን እንደለወጠና ለምን እንደለወጠ በግልጽ የመናገር ዕዳ አለበት።

ሐተታ ለዲሲፕሊን ሥርዓቱም መለያ መስመር ይሰጠዋል። ዳኛ በሕግ አተረጓጎም ስለተሳሳተ በዲሲፕሊን የሚከሰስ ከሆነ ነጻነቱ በስም ብቻ ይቀራል፤ ከእያንዳንዱ ውሳኔ በፊት ሕጉን ሳይሆን ከሳሾቹን ማሰብ ይጀምራልና። ምክንያቱን ዘርዝሮ የተሳሳተ ዳኛ ስሕተቱ ለይግባኝ የተጋለጠ ነው፤ በዚያው መታረም አለበት። በተመሳሳይ ፍሬ ነገር ላይ ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ የሚወስን፣ ልዩነቱንም የማያስረዳ፣ የቀረበለትን ዋና ማስረጃ በተደጋጋሚ ሳይጠቅስ የሚያልፍ ዳኛ ግን የችሎታ ወይም የሥነ ምግባር ጥያቄ ሊነሳበት ይገባል፤ ጥያቄውንም ያለ ሐሜት፣ በገዛ ጽሑፉ ማንሳት ይቻላል። ጉዳዩን ከሌሎች ጋር ያስቻለው ዳኛ በውሳኔው ካልተስማማ የሚያሰፍረው የልዩነት ሐሳብም ለዚሁ ምርመራ ይረዳል።

የማሻሻያ ሥራዎች ይህን ማገዝም ማደናቀፍም ይችላሉ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. አውጥቶ በ2006 ዓ.ም. ያሻሻለው የቅጣት አወሳሰን መመሪያ፣ ዳኛው የወንጀሉን ደረጃና የቅጣቱን እርከን፣ ያከበደውንና ያቀለለውን ምክንያት እንዲጽፍ ስላስገደደ ቀድሞ በዳኛው ሆድ ውስጥ ይቀር የነበረውን ስሌት ወደ አደባባይ አውጥቷል። አደጋው እርከን መቁጠር ራሱ እንደ ምክንያት መቆጠሩ ነው። ከዚህ የከፋው ግን ዳኛን በዘጋው መዝገብ ብዛት መለካት ነው፤ የመዝገብ ክምችት እውነተኛ በደል ቢሆንም፣ ብዛት ብቻውን ሲቆጠር ሐተታው ያጥራል፣ ያጠረው ሐተታ ይግባኝ ይወልዳል፣ ያው ክርክር ተመልሶ ወደ ሥር ፍርድ ቤት በመምጣት አዲስ መዝገብ ይሆናል።

በ2013 ዓ.ም. የዳኝነት አስተዳደርንና የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን የሚመለከቱ አዋጅ ቁጥር 1233 እና 1234 ወጥተዋል፤ የተቋሙ ቅርጽ በሕግ ተስተካክሏል፤ ከዚህ በኋላ የሚቀረው የእጅ ሥራው ነው። የፌዴራልና የክልል የዳኞች አስተዳደር ጉባኤያት የዳኛን አፈጻጸም ሲመዝኑ ከቁጥሩ ጎን፣ የተከራካሪዎቹ ስም ተሸፍኖ በዕጣ የተመረጡ ፍርዶችን ልምድ ባላቸው ዳኞች ያስነብቡ፤ ንባቡም ውሳኔው ማንን ረታ ብሎ ሳይሆን ጭብጡ በትክክል ተይዟል ወይ፣ ማስረጃው በምክንያት ተመዝኗል ወይ፣ ተረቺው መልስ አግኝቷል ወይ ብሎ ይጠይቅ። የሰበር ውሳኔዎች በቅጽ እየታተሙ እንደሚወጡ ሁሉ የመጀመሪያ ደረጃና የከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ፍርዶችም ለሕዝብና ለሕግ ትምህርት ቤቶች ይድረሱ፤ ለዳኛውም በሳምንቱ ውስጥ ችሎት የማይሰየምበት፣ ለመጻፍ ብቻ የተተወ ቀን ይሰጠው።