ስንት ማይል ቀረን?

ከቦሌ ወደ አርባ ምንጭ ስንበር የዳሞታ ተራራ በቀኝ በኩል ይታያል፤ ወላይታ ሶዶ ከግርጌው ናት። ከዚያ እስከ አርባ ምንጭ በአየር 90 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ከፊት አባያ ቀይ ቡናማ ውኃውን ዘርግቶ ብቅ ይላል። እነዚህን ሁለቱን ሳላይ ማኮብኮቢያ አልፈልግም። አስፋልት የትም አስፋልት ነው፤ ስሙን አይናገርም።

ታኅሣሥ 9 ቀን 2006 ዓ.ም. ወደ ኪሊማንጃሮ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 አሩሻ ላይ አረፈ። የኪሊማንጃሮው ማኮብኮቢያ 3,600 ሜትር ነው፤ የአሩሻው 1,600 ገደማ። ነገር ግን ሁለቱም አቅጣጫቸው አንድ ነው፤ ጫፋቸው ላይ የተጻፈውም ያው 09 እና 27። ኮምፓሱን ያየ አብራሪ ልክ ነኝ ቢል አይገርምም። አውሮፕላኑ ሣር ውስጥ ገባ እንጂ ሰው አልተጎዳም። ወሩ ሳይሞላ፣ ጥር 4 ቀን፣ አሜሪካ ሚዙሪ ውስጥ የሳውዝዌስት አየር መንገድ 737 እንዲሁ ጎረቤት ሜዳ ላይ ስላረፈ፣ ጉዳዩን የእኛ ብቻ ድክመት አድርጎ ለሚያወራ ጆሮ አልሰጥም።

«ማኮብኮቢያው አጭር ከሆነ እኮ ያስታውቃል» የሚሉም አሉ። መጋቢት 26 ቀን 2013 ዓ.ም. የጭነት 737 አውሮፕላናችን ዛምቢያ፣ ንዶላ ላይ ያረፈው ግን ግንባታው ባላለቀ አዲስ ማረፊያ ነው፤ ከነባሩ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ማኮብኮቢያውም ከነባሩ ይረዝማል። ዐይን አዲሱንና ሰፊውን ቢመርጥ ምን ይደንቃል?

ስለዚህ ረዳት አብራሪዬን «ማኮብኮቢያውን አየኸው?» ብዬ አልጠይቅም። መልሱ ሁልጊዜ «አየሁት» ነው፤ ካፒቴን የጠየቀውን ማን «አላየሁም» ይላል? የምጠይቀው «ስንት ማይል ቀረን?» ብዬ ነው። ማኮብኮቢያው መስኮቱን ሞልቶት መሣሪያው 12 ማይል ካለ፣ ያ ሜዳ የእኛ አይደለም።

ረዳት አብራሪ የሆናችሁ ወጣቶች፣ ቁጥሩ ካልገጠመ ካፒቴኑ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ፤ «ጎ አራውንድ» በሉ። በዚያው ዕለት ንዶላ ላይ ሌላ የመንገደኛ አውሮፕላናችን ወደ አዲሱ ሜዳ ወርዶ፣ መሬት ሳይነካ ተመልሶ ተነሥቷል።