የቮልሷ በር

ጥር ላይ ፀዳ ከተማ መንገዱ የሰርግ ነው። ያን ቀን ከአዘዞ በኩል ባጃጆቹ ጥሩምባቸውን እያስጮሁ ሲመጡ መሃላቸው ጣሪያ የሌላት ነጭ ቮልስ ነበረች። ሰው ሁሉ ሙሽራዋን ያያል። የእኔ ዓይን በሩ ላይ ቀረ። በበሩና ከኋላው ባለው ላሜራ መካከል ያለችው ክፍተት ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ናት፣ የትም አትሰፋም፣ የትም አትጠብም። ጣሪያዋ በተቆረጠ ቮልስ ላይ ይህን ማየት ብርቅ ነው።

የቮልስ ጣሪያ ስስ ላሜራ ብቻ ይመስላል፤ ዝናብ ከመከለል ያለፈ ሥራ ያለው አይመስልም። ነገር ግን የመኪናዋን ፊትና ኋላ አያይዞ የያዘው ቅስት እሱ ነው። እሱ ሲነሳ ሸክሙ ሁሉ ወደ ታች ይወርድና ወገቧ መጉበጥ ይጀምራል። ጉብጠቱን ቀድሞ የሚናገረው በሩ ነው፤ ክፍተቱ ከአናቱ ይጠብና በሩ ይያዛል። ለሰርግ ከሚከራዩት መካከል ሚዜው በትከሻው ገፍቶ የሚዘጋው፣ አንዳንዴም በገመድ የሚታሰር በር አይቻለሁ። ያሳዝነኛል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በቮልስ የኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር፤ ዛሬ ሙሽሮች የሚቀመጡበት ወንበር ያው ነው። እንዲህ ያለ ትዝታ የተሸከመች መኪና በግዴለሽ እጅ መቆረጥ የለባትም።

ጀርመኖቹም ጣሪያ ቆርጠው አልተዉም። የኦስናብሩኩ የመኪና አካል ሠሪ ካርማን እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1980 ከ330,000 በላይ ክፍት ቮልሶች ሲሠራ ከበሮቹ ሥር ተጨማሪ ብረት ይበይድ ነበር። ሸራውም ድርብርብ ነው፤ በመሃሉ የፈረስ ጸጉር አለበት፣ የኋላ መስኮቱም እውነተኛ መስታወት ነው። ክፍቷ ቮልስ ጣሪያ ካላት እህቷ የምትከብደው ለዚህ ነው።

ይህ ሥራ በእጅ ሲሠራ ያየሁት አዲስ አበባ፣ አንድ ጋራዥ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ባለሙያው ግራይንደር ከማንሳታቸው በፊት ሁለት ቀን ከመኪናዋ ሥር አልወጡም። ከበሩ ሥር የሚያልፍ ሳጥን መሰል ብረት አለ፤ ከኋላ ሞተሩ የሚመጣው ሙቀት ወደ ፊት የሚሄደው በእሱ ውስጥ ነው። ያንን በመዶሻ ጫፍ ቀስ እያሉ እየመቱ ያዳምጡታል። ጤነኛው ይጮሃል፣ ዝገት የበላው ድምፁ ይደፈናል። የተደፈነውን ሁሉ ቆርጠው አወጡና በአዲስ ላሜራ ተኩት፤ ከሥሩም ወፍራም ብረት ደረቡለት። ከዚያ በሁለቱ በሮች ቦታ አግድም ቱቦ በየዱ። ወጌሻ ስብራትን በቀርከሃ እንደሚያስር ማለት ነው፣ ልዩነቱ የእሳቸው ገና ሳይሰበር መሆኑ ነው።

ጣሪያው የወረደው በአንድ ከሰዓት ነው።

የቀረው ሳምንት የጠርዝ ሥራ ነበር። የተቆረጠውን ላሜራ ከውስጥ ብረት ደግፈው፣ ከውጭ በትንሽ መዶሻ እየኮረኮሙ ወደ ውስጥ አጠፉት፤ በአንድ ጊዜ ከአውራ ጣት ስፋት አይበልጥም። ረዳቱ ስቱኮ ሲያቀብላቸው «ገና ነው፤ አስቀምጠው ልጄ» አሉና ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን በጠርዙ ላይ አሳለፉ። አንድ ቦታ ቆሙ። እኔ ምንም አላየሁም፤ እሳቸው መዶሻውን አነሱ።

በመጨረሻ ቱቦዎቹን ቆርጠው አውጥተው በሮቹን ገጠሙና የኋላውን አንድ ጥግ በክሪክ አነሱት፣ ጎማው ከመሬት እስኪለቅ። የሲጋራ ፓኮ ካርቶን ቀድደው በበሩ ክፍተት ውስጥ ከታች ወደ ላይ ጎተቱ። አናቱ ላይ ስትደርስ ተያዘች። አንድም ቃል ሳይናገሩ ካርቶኗን ኪሳቸው ከትተው ተመልሰው ከሥር ገቡ። ሲጨርሱ ስንት ሰዓት እንደሆነ አላስታውስም፤ ካርቶኗ ግን እስከ ላይ ስትወጣ ረዳቱ እጁን ሲያጨበጭብ አስታውሳለሁ።

የፀዳዋን ቮልስ ማን እንደሠራት አላውቅም። ሙሽሮቹ ፎቶ ሊነሱ ሲወርዱ ተጠግቼ ጎንበስ አልኩ። ከበሩ ሥር፣ ጭቃ ብቻ በሚያየው ቦታ፣ የብየዳው መስመር እንደ ጥሩ ስፌት ተስተካክሎ ይሄዳል፣ ቀለሙም እንደ ላይኛው ተቀብቷል። ሚዜው ሙሽራዋን መልሶ አስቀመጠና በሩን በሁለት ጣቱ ገፋው። ጠቅ ብሎ ገጠመ፤ ሰርገኛውም ወደ ማክሰኚት መንገዱን ቀጠለ።