ቅብጥብጡ ልጅ በልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ

ባለፈው ክረምት አንዲት የደባርቅ ወጣት የጻፈችውን አጭር ልብ ወለድ ታሪክ እንዳነብላት አምጥታልኝ ነበር። ታሪኩ ስለ አንድ የዳባት ልጅ ነው። ልጁ ዕቃ ይጥላል፤ ሰው ሲናገር ያቋርጣል፤ የተላከበትን ይረሳል። በመጨረሻው ገጽ አጎቱ ይገሥጸዋል፤ ልጁም ያለቅሳል፤ በዓመቱ ከክፍሉ አንደኛ ይወጣል። ቋንቋዋ ያማረ ነው፤ ልጁን ግን አላመንሁትም። ያላመንሁበትን ምክንያት ለእርስዋ እንደ ነገርኋት፣ ታሪክ ለመጻፍ ለምታስቡ ወጣቶችም ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያ፣ ስሕተቱ የእርስዋ ብቻ አይደለም፤ ከእኛ የወረሰችው ነው። በምስዮን ተማሪ ቤት ሳለሁ እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ባንያን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1678 ያሳተመውን የመንፈሳዊ መንገደኛ ታሪክ አነብብ ነበር። በዚያ መጽሐፍ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሕፃናት ተቀምጠዋል። አንዱ ስሙ ትዕግሥት ነው፤ ሁለተኛው በስሜቱ የሚነዳ፣ ሁሉን ነገር ዛሬውኑ የሚሻ ነው። የተሰጠውን ሀብት ወዲያው ይበትንና ቡትቶ ብቻ ይቀረዋል። ባንያን በዚህ አይነቀፍም፤ የጻፈው ምሳሌ ነውና፤ በምሳሌ ውስጥ ሰው ለአንድ ጠባይ ልብስ ሆኖ ያገለግላል። እኛ ግን ያንኑ ልብስ አንሥተን በልብ ወለድ ውስጥ እናቆምና «ይኸውላችሁ ሰው» እንላለን።

የፍራንክፈርቱ ሐኪም ሃይንሪክ ሆፍማን የተሻለ ተመልካች ነበር። ለሦስት ዓመት ልጁ የገና ስጦታ ብሎ በግጥምና በሥዕል ያዘጋጀው መጽሐፍ በ1845 (እንደ አውሮፓ) ታተመ። በገበታ ላይ ወንበሩን ሲያወዛውዝ የጠረጴዛውን ልብስ ከነምግቡ ስቦ የሚወድቀውን ፊሊፕን አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም። ስለዚህ ጠባይ የሚጽፉ ሐኪሞች ዛሬም ይጠቅሱታል። ነገር ግን ሆፍማን ያየው በወላጆቹ ዓይን ነው። ፊሊፕ ከልብሱ ሥር ሆኖ ምን እንዳሰበ የሚነግረን የለም።

እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ጆርጅ ስቲል በ1902 ለንደን ላይ ስለ እንዲህ ያሉ ልጆች ንግግር አደረገ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች በ1980 የትኩረት ጉድለት ብለው ሰየሙት፤ በ1987 ደግሞ መቅበጥበጡን ጨምረው ዛሬ ኤዲኤችዲ የምንለውን ስም አወጡለት። ሐኪሞቹ ከሚጠይቁት ነገር ሁለቱ ለደራሲም የሚያገለግሉ ናቸው፤ ይኸውም ምልክቱ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላ መጀመሩና ከአንድ ስፍራ በላይ መታየቱ ነው። በቤት፣ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ረግቶ ተቀምጦ በክፍል ውስጥ ብቻ የሚቅበጠበጥ ልጅ ብትጽፉ፣ አስተማሪውን የሚጠላ ልጅ ጻፋችሁ ማለት ነው፤ ይህም ጥሩ ታሪክ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ደግሞም ነገሩ በ1960 ዓ.ም. በዳባት የሚፈጸም ከሆነ እናትየዋ የሐኪሞቹን ስም አታውቅም። «ቀዥቃዣ» ትለዋለች፤ «ልቡ አይቀመጥም» ትላለች፤ ምናልባትም የሰው ዓይን ነው ብላ ጠበል ትወስደዋለች።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልግባ። በማስተምርበት ዘመን አንድ ልጅ ነበረኝ፤ ስሙን አልጽፍም። በሒሳብ ሰዓት አምስት ደቂቃ አይቀመጥም፤ እርሳሱን በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጥላል። ወንጭፍ ሲገምድ ግን ከጥዋት እስከ ቀትር አንገቱን ቀና አያደርግም። ገብስ ሲጠብቁም የጭላዳው መንጋ ከገደሉ አፋፍ ብቅ ሲል ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው እርሱ ነው፤ ታዲያ አንዱን ተከትሎ ሲሮጥ ማሳውን ለቀሩት ሃምሳ ይለቅላቸዋል። እኔ ወንጭፉን አይቼ «ሲፈልግማ ይቀመጣል» አልሁ። ስለዚህም ገረፍሁት፤ አንድ ቀን ብቻም አይደለም። ልብ ሳያጡ ልብን ወደ ታዘዘበት ማዞር ያቅታል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ የነገረኝ መጽሐፍም አልነበረም። ቢኖር ኖሮ እጄ ይያዝ ነበር ብዬ ማሰብ እወዳለሁ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም። አንድ ቀን ጥዋት አርፍዶ መጣ። እኔ ቃል ሳልናገር በሩ ላይ ቆሞ መዳፉን ዘረጋልኝ።

ያ መዳፍ በወጣቷ ታሪክ ውስጥ የለም። የእርስዋ ልጅ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ጥፋቱን የማያውቅ ነው፤ ስለዚህ የአጎቱ ተግሣጽ እንደ መብራት በርቶ ያድነዋል። እውነተኛው ልጅ ግን ተግሣጹን ከአጎቱ ይልቅ በቃሉ ያውቀዋል። ሺህ ጊዜ ሰምቶታልና።

በተቃራኒው፣ ዛሬ ዛሬ ቀዥቃዣውን ሁሉ ሊቅ የሚያደርጉ ታሪኮችም አያለሁ። ይህም ያው ምሳሌ ነው፤ ልብሱን ገልብጠው ለበሱት እንጂ።

ስለ ሴት ልጆች ደግሞ የሚጽፍ ጠፍቷል። ብዙዎቹ አይሮጡም፤ አይጮኹም፤ «ፈዛዛ» ተብለው ይታለፋሉ። ወቅን አጠገብ ውኃ የተላከች አንዲት ልጅ አስቡ። «ትኩረት አልነበራትም» ብላችሁ አትጻፉ። ከምንጩ ዳር ጉንዳን የገብስ ቅንጣት ሲጎትት አሳዩኝ፤ ቅንጣቲቱ ከድንጋይ ሥር ስትቀረቀር፣ ልጅቷም በሣር ስትረዳው አሳዩኝ፤ እኔ አንባቢው ራሴ እንስራውን እስክረሳው ድረስ። ከዚያ ፀሐይ ያዘቀዝቅ። እናትየዋ በደጅ ስትታይ እኔም ከልጅቷ ጋራ እደነግጣለሁ፤ የዚያን ጊዜ ልጅቷን አምኛታለሁ።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ካሣን «ጉዱ» ያለው አገሩ ነው። ካሣ ይህ ሁኔታ ነበረበት ማለቴ አይደለም፤ በሽታ በመጽሐፍ ሰዎች ላይ መለጠፍ አልወድም። ነገር ግን ደራሲው አገሩ ያወጣለትን ስም ከነገሩን በኋላ ሰውዬውን ረዥም ያናግሩታል፤ በስሙና በሰውዬው መካከል ያለውን ርቀት የሚለካው አንባቢ ነው። እኛ አብዛኛውን ጊዜ ስሙን ሰጥተን እንቆማለን።

ይህን ሁሉ ከነገርኋት በኋላ ወጣቷ ጥቂት ዝም ብላ «ጋሼ፣ ልጁ ሳይሻለው ታሪኩ እንዴት ያልቃል?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ከባድ ነበር። በመጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ መስመር አስምሬ፣ ስለዚያ በበሩ ላይ ስለ ተዘረጋው መዳፍ ነገርኋት። ያን ጊዜ መታኸው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መታሁት አልኋት። ደብተርዋን ይዛ ሄደች፤ እስካሁን አልመለሰችውም።