ጥፋቱ የስብ ነው ወይስ የብግነት?
ስለ ካንቶስ ጥናት አተረጓጐም የቀረበ ሒስ

እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሞ የወጣው ካንቶስ የተባለው ጥናት ታላቅ ስም አግኝቷል፤ ይገባዋልም። ሐኪሙ ፖል ሪድከርና የሥራ ጓደኞቻቸው፥ ቀድሞ ድንገተኛ የልብ ሕመም ደርሶባቸው የተረፉና በደማቸው የብግነት ምልክት ከፍ ብሎ የተገኘ 10,061 በሽተኞችን ተከታትለዋል። የተፈተነው መድኃኒት ካናኪኑማብ ሲሆን፥ ሥራው ኢንተርሉኪን አንድ ቤታ የሚባለውን የብግነት መልእክተኛ ማገድ ነው። በየሦስት ወሩ 150 ሚሊግራም በተወጉት ዘንድ የልብ ሕመም መመለስ፥ የአንጎል ምትና በልብና በደም ሥር በሽታ መሞት በጠቅላላው በ15 በመቶ ያህል ቀነሰ። በደማቸው ያለው ኮሌስትሮል ግን አልቀነሰም።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ጥፋተኛው ብግነት ነው፤ ስብ ነጻ ወጣ» የሚል አይጠፋም። ይህ ፍርድ የቸኰለ ይመስለኛል።

አንደኛ፥ ከበሽተኞቹ እጅግ የሚበዙት ስብ የሚቀንስ መድኃኒት ይወስዱ ነበር። ስለዚህ የተፈተነው በስብ ሕክምና ላይ የሚጨመር ጥቅም እንጂ እርሱን የሚተካ ነገር አይደለም።

ሁለተኛ፥ መልእክተኛውን ማን እንደሚልከው መጠየቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሌላ ጥናት እንዳስረዳው፥ ከነጭ የደም ሴሎች ወገን የሆነው ማክሮፋጅ የኮሌስትሮል ክሪስታል በዋጠ ጊዜ፥ ምግቡን የሚፈጭበት የውስጥ ከረጢት ይጐዳል። በዚህም ምክንያት ኤን ኤል አር ፒ ሦስት የተባለው የሴሉ ማንቂያ ይነሣል፤ ኢንተርሉኪን አንድ ቤታም ይለቀቃል። እንግዲህ ስብ የደም ሥርን እንደ ደለል የሚደፍን ብቻ ሳይሆን፥ የመከላከያውን ሴል ጠባይ የሚለውጥ ነገር ነው። ክሪስታሉ ብቸኛው ቀስቃሽ ነው ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን ስብንና ብግነትን እንደ ሁለት ባላጋራዎች አቁሞ መፍረድ አንዱን ሰንሰለት ለሁለት መቍረጥ ነው።

ሦስተኛ፥ የተከፈለው ዋጋ ሊዘነጋ አይገባም። መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ ለሞት የሚያደርስ የተላላፊ በሽታ ብዛት ጨምሯል፤ በጠቅላላው የሞት ቍጥርም ግልጽ ልዩነት አልታየም። ያው መልእክተኛ ተሕዋስያንን ለመከላከልም ያገለግላልና፥ እርሱን ዝም ማሰኘት ዘበኛውን እንደ ማስተኛት ነው።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ካንቶስ ብግነት በበሽታው ውስጥ እውነተኛ ድርሻ እንዳለው አረጋግጧል። ስብ ድርሻ የለውም ብሎ ግን አልመሰከረም። እኛም ተማሪዎች ስንጠቅሰው ያልተናገረውን ልናናግረው አይገባም።