ከሥራ ሰዓት በኋላ የተገኘ ጥበብ፤ ቫን ጎግ በለንደን

ስለ ሆላንዳዊው ሠዓሊ ስለ ቪንሰንት ቫን ጎግ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የሚያተኩረው በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት ላይ ነው። የደቡብ ፈረንሳይ ፀሐይ፣ ሕመሙ፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1890 በ37 ዓመት ዕድሜው የደረሰበት ሞት ተደጋግሞ ተተርኳል። ከዚያ 17 ዓመት አስቀድሞ ግን ይኸው ሰው ሠዓሊ ለመሆን ገና ያላሰበ፣ በባዕድ ከተማ ደመወዝ የሚቆጠርለት የ20 ዓመት ወጣት ነበር። ለንደን ውስጥ ያሳለፈው የሥራ ዘመን እንደ ትርፍ ምዕራፍ ታልፎ የሚተው አይደለም። ከታላላቅ ሥዕሎቹ አንዱን በትክክል ለመመዘን መነሻው ይኸው ዘመን ነው።

ቫን ጎግ ለንደን የገባው በ1873 ነው። ጉፒል የተባለው የሥዕል ንግድ ኩባንያ ከሄግ ቅርንጫፉ አዛውሮ ላከው። የለንደኑ ቅርንጫፍ በዚያን ጊዜ ለተመልካች ክፍት የሆነ የሥዕል ቤት ሳይሆን ለሌሎች ነጋዴዎች ሥዕልና የኅትመት ቅጂ የሚያከፋፍል መጋዘን ነበር። ጥበብ እዚያ ውስጥ የሚቆጠር፣ የሚጠቀለልና የሚላክ ሸቀጥ ነው። ሥራው ከጧቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ 12 ሰዓት ይዘልቃል፤ ቅዳሜ በ10 ሰዓት ይዘጋል። የመጀመሪያው ማረፊያው በሳምንት 18 ሽልንግ ስለሚያስከፍለው ብዙም ሳይቆይ ኪራዩ ወደሚቀልለት፣ ከቴምዝ ወንዝ ማዶ ወዳለው ወደ ብሪክስተን ሠፈር ተዛወረ። ከዚያም በየቀኑ በእግሩ እየተመላለሰ ይሠራ ጀመር። የከተማው ወግ ስለሚያስገድድም ረጅሙን ጥቁር ባርኔጣ ገዝቶ ደፋ። በ1874 ደመወዙ በዓመት 90 ፓውንድ ደርሶለት ነበር። እንግዲህ የለንደኑ ቫን ጎግ የተራበ ባይተዋር ሳይሆን በሥርዓት ለብሶ፣ በሰዓቱ ገብቶ የሚወጣ ጸሐፊ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ይህ ጸሐፊ ሥዕልን የሚወድ ሰው ነበር። ለወንድሙ ለቴዎ በጻፋቸው ደብዳቤዎች እንደሚታየው የእንግሊዝ ሥዕል መጀመሪያ አልጣመውም፤ ዐይን እስኪለምደው ጊዜ እንደሚፈልግ ግን ወዲያው ተረድቷል። ይሁንና ለመልመድ ጊዜ ያስፈልጋል፤ የሠራተኛ ጊዜ ደግሞ በደወል የተከፋፈለ ነው። ሠራተኛው ሙሉ ቀን የሚያርፍበት ዕለት እሑድ ሆኖ ሳለ የለንደን ብሔራዊ የሥዕል ቤት እስከ 1896 ድረስ እሑድ እሑድ ለሕዝብ ዝግ ነበር። ቫን ጎግ በዱልዊች የሥዕል ቤት የጎብኚዎች መዝገብ ላይ የፈረመው ኦገስት 4 ቀን 1873 ሲሆን ዕለቱ ሰኞ ነበር። ይህም በ1871 በወጣው ሕግ መሠረት ባንኮችና ብዙ የንግድ ቤቶች የሚዘጉበት የኦገስት የዕረፍት ቀን ነው። አንድ ወጣት ደመወዝተኛ የጥንት ሊቃውንትን ሥዕል ቆሞ ለማየት የዕረፍት ሕግ እስኪፈቅድለት መጠበቅ ነበረበት ማለት ነው።

ያልተዘጋበት ሌላ የሥዕል ቤት ግን ነበረ። ከመሥሪያ ቤቱ አቅራቢያ፣ በስትራንድ ጎዳና፣ «ግራፊክ» እና «ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ» የተባሉት ሳምንታዊ መጽሔቶች አዲሱን እትማቸውን በመስኮት ይሰቅሉ ነበር። ቫን ጎግ ከዐሥር ዓመት በኋላ ባስታወሰው መሠረት በየሳምንቱ ወደዚያ መስኮት እየሄደ ያይ ነበር። በእንጨት ላይ ተቀርጸው የሚታተሙት እነዚያ ሥዕሎች የሚያሳዩት ነገሥታትንና አማልክትን ብቻ አልነበረም። ሉክ ፋይልድስ በ«ግራፊክ» የመጀመሪያ እትም በ1869 ያወጣው ሥዕል በብርድ ሌሊት ማደሪያ ለማግኘት የተሰለፉ ቤት አልባዎችን የሚያሳይ ነው። በመጋዘኑ ውስጥ ሥዕል ለሀብታም ሳሎን ሲታሸግ፣ በመስኮቱ ላይ ግን መንገደኛው ራሱንና ጎረቤቱን በሥዕል ያይ ነበር።

የዚህ ልማድ ፍሬ ወዲያው አልታየም። ቫን ጎግ በ1875 ወደ ፓሪስ ተዛወረ፤ በ1876 ከኩባንያው ተሰናበተ። ሠዓሊ ለመሆን የቆረጠው በ1880 ነው። ከዚያ በኋላ ሄግ ሲኖር፣ ለዕለት ወጪው እየተቸገረ፣ የ«ግራፊክ»ን የቀድሞ ጥራዞች ገዛ፤ ከእንግሊዝ መጽሔቶችም በርካታ ሥዕሎችን እየቆረጠ አሰባሰበ። ቆሞ ያየውን ሰብስቦ የትምህርት መሣሪያ አደረገው።

ከሁሉ በላይ ይህንን የሚመሰክረው በ1890 በሳን ሬሚ የሕሙማን መኖሪያ ሳለ የሣለው፣ ዛሬ በሞስኮ ፑሽኪን ቤተ መዘክር የሚገኘው «የእስረኞች ዙር» ነው። መነሻው ጉስታቭ ዶሬ ስለ ለንደን በ1872 ለታተመ መጽሐፍ ያዘጋጀው የኒውጌት ወኅኒ ቤት ሥዕል ነው። ቫን ጎግ ጥቁርና ነጩን ኅትመት በሰማያዊና በአረንጓዴ፣ በጡብ ቀለምም ተረጎመው። ግድግዳዎቹ ሰማይ አያሳዩም። እስረኞቹ በጠባቡ ግቢ ውስጥ መጀመሪያና መጨረሻ በሌለው ክብ ይዞራሉ። ከክቡ ውጭ፣ በቀኝ በኩል፣ ረጅም ባርኔጣ የደፉ ሰዎች ቆመዋል። በግድግዳው ከፍታ ላይ ሁለት ትንንሽ ነጫጭ ቢራቢሮዎች ይበራሉ። ከፊት ያለው እስረኛ ብቻ ራሱን ሳይሸፍን ፊቱን ወደ ተመልካቹ መለስ ያደርጋል።

ይህን ሥዕል የሕመምተኛ ሰው ኑዛዜ ብቻ አድርጎ ማንበብ የተለመደ ነው። ሠዓሊው በዚያን ጊዜ ራሱ በግንብ ውስጥ ስለነበረ ንባቡ መሠረት የለውም አይባልም፤ ግን ጎደሎ ነው። በሥዕሉ ውስጥ ያለው ግቢ የለንደን ግቢ፣ ባርኔጣውም ወጣቱ ጸሐፊ ራሱ ደፍቶት ይመላለስበት የነበረው ዐይነት ባርኔጣ ነው። የሥዕሉ ኃይል የሚመነጨው በክቡ ውስጥ ካለውም ከክቡ ውጭ ከቆመውም ወገን ሆኖ ኑሮን ካየ ዐይን ነው። እንከን አይታጣለትም፤ ከፊተኛው ሰው በቀር እስረኞቹ እንደ ፋይልድስ ተሰላፊዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ገጽና ታሪክ የላቸውም። ከዶሬ የወረሰው የቴያትር መድረክነትም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀውም። ቀለሙ ግን ዶሬ ያልሰጠውን ሰጥቷል፤ ቅዝቃዜው እግር ላይ ይሰማል።

መከራ ብቻውን ሠዓሊ አይወልድም። የቫን ጎግ ዐይን የተሳለው ከሥራ ወጥቶ ወደ ቤቱ በሚያመራ ደመወዝተኛ መንገድ ላይ፣ ዋጋ በማይጠየቅበት መስኮት ፊት ነው። ስለዚህ የሥዕል ቤት በር በየትኛው ቀንና ሰዓት ይከፈታል፣ የሥዕል ቅጂስ በስንት ይሸጣል የሚለው ጥያቄ ለአስተዳደር ሠራተኞች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም፤ የሥነ ጥበብ ጥያቄ ነው። ወደ እንግዳ ከተማ ገብቶ ከሥራ የሚመለሰው ሰው በመንገዱ ላይ ምን እንደሚያይ የሚወስነው ይኸው ነው።