በእጅ የያዙት ወርቅ

በአሜሪካ አገር የቤዝቦል ወዳጆች በብርዱ ወራት ጨዋታው ሲቆም «እገሌ ይምጣልን፣ እገሌ ይሰናበት» እያሉ ይከራከራሉ። ይህን ክርክር እንደ ታላቅ ጥበብ ያስቈጠረው ማይክል ሉዊስ የተባለው ደራሲ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ያሳተመው «መኒቦል» የተባለው መጽሐፍ ነው።

መጽሐፉ የሚተርከው ስለ ኦክላንድ ቡድን ነው። ጄሰን ጂያምቢ የተባለው ብርቱ መቺ በ120 ሚሊዮን ዶላር ወደ ኒውዮርክ ያንኪስ በሄደ ጊዜ፣ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ቢሊ ቢን ሌሎች የናቋቸውን ተጫዋቾች በርካሽ ሰበሰበ። ቡድኑም በ2002 ሃያ ጨዋታ በተከታታይ፣ በጠቅላላው 103 ጨዋታ አሸነፈ። አተራረኩ ጣፋጭ ነው፤ የተናቀን ሰው መርምሮ መመዘንን ማስተማሩንም አመሰግናለሁ።

ዳሩ ግን ደራሲው ሚዛኑን አጋድሎታል እላለሁ። በዚያው ዓመት በአሜሪካን ሊግ የኳስ ወርዋሪዎችን ሽልማት ያገኘው ባሪ ዚቶ፣ የምርጥ ተጫዋችነቱን ሽልማት ያገኘው ሚጌል ቴሀዳ፣ ሁለቱም የኦክላንድ ነበሩ። እነዚህን፣ እንደዚሁም ወርዋሪዎቹን ሃድሰንንና መልደርን፣ ቡድኑ ከታች ጀምሮ አሳደጋቸው እንጂ በዚያ ዓመት ከገበያ አላነሣቸውም። መጽሐፉ ግን የገበያውን ብልሃት ሲያወድስ ለእነርሱ እምብዛም ቦታ አልሰጣቸውም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል ማለት ይህ ነው። ባልቲሞር ግን ወርቅነቱን አውቆ በ2003 መጨረሻ ቴሀዳን በ72 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ የወደቀን ነገር ለማቅናት አዲስ ሰው መፈለግ መልካም ነው። ነገር ግን የሚመጣውን ስትቈጥር፣ ቤቱን ደግፎ ያቆመውን ሳትቈጥር አትለፍ።